ከመቃብር ሐውልት ወደ ረቂቅ የሰው ቅርጽ፦ ለአንድ ድንጋይ ቀራጺ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ዕድሜዬ 29 ነው። ከፎቶ እያየሁ በድንጋይ የሰው ፊት እቀርጻለሁ፤ አብዛኛው ሥራዬ የመቃብር ሐውልት ነው። ማስመሰል አይቸግረኝም። አሁን ወደ አብስትራክት (ረቂቅ ቅርጽ) መሄድ እፈልጋለሁ፤ ሰውን ግን መተው አልፈልግም። ስሞክረው ወይ ያላለቀ ፖርትሬት ይሆንብኛል፣ ወይ ለስላሳ እንቁላል። ጓደኞቼ ‹መቼ ነው የምትጨርሰው?› ይሉኛል። ከየት ልጀምር? የተማርኩትን አናቶሚ (የአካል አወቃቀር) ልርሳው? የመቃብሩን ሥራስ ላቁም?»

ወንድሜ፣ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎችህ ልነሳ፤ መልሳቸው አጭር ነው። አናቶሚውን አትርሳ። የመቃብሩንም ሥራ አታቁም። ምክንያቱን ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ።

ዋናው ችግር ያለው «ያላለቀ ፖርትሬት ይሆንብኛል» ያልከው ላይ ነው። እንደምገምተው ፊቱን እንደለመድከው ትጀምራለህ። ግንባር፣ አፍንጫ፣ ጉንጭ ታወጣለህ። መሃል ላይ ስትደርስ «አብስትራክት ነው» ብለህ ዓይኑን ትተዋለህ፣ ጆሮውን ታለሰልሰዋለህ። ተመልካች ግን ይህን ወዲያው ያውቃል። ድንጋዩ ፖርትሬት ሊሆን እንደተነሳ ስለሚያይ የጎደለውን ይፈልጋል። ጓደኞችህ የሚጠይቁህም ለዚህ ነው፤ አልተሳሳቱም።

ረቂቅ የሰው ቅርጽ ከፖርትሬት ላይ ዝርዝር በመቀነስ አይገኝም። የሚገኘው መሮው ድንጋዩን ከመንካቱ በፊት በሚደረግ ምርጫ ነው። ከአንድ ሰው አካል ውስጥ አንድ ነገር ትይዛለህ። የተኛ ሰው ጭንቅላት እንዴት እንደሚከብድ። ሁለት ሰዎች ሲተቃቀፉ በመካከላቸው ክፍተት እንደማይኖር። ያዘነች ሴት ትከሻዋ እንዴት እንደሚወርድ። ሌላው ሁሉ ለዚያ አንድ ነገር ይታዘዛል። የማይታዘዘው ከመጀመሪያውም ወደ ድንጋዩ አይገባም።

ይህን በአንድ ሰው መንገድ ላሳይህ፤ ካንተ ጋር ብዙ ይገናኛል። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ቀራጺው ኮንስታንቲን ብራንኩሲ በ1876 በሩማንያ ሆቢጻ በምትባል መንደር ተወለደ። ቡካሬስት የሥነ ጥበብ ተማሪ ሳለ ከአንድ የአናቶሚ ሐኪም ጋር ሆኖ ቆዳው የተገፈፈ ሰው ሙሉ ሐውልት ሠርቷል። ጡንቻው ሁሉ በቦታው ስለነበረ ለሕክምና ተማሪዎች ማስተማሪያ ሆነ። ስለዚህ አናቶሚ ልርሳ ወይ ስትለኝ ይህን ሰው አስብ። ኋላ እንቁላል የሚመስል ጭንቅላት የሠራው እሱ ነው፤ እያንዳንዱን ጡንቻ ያውቅ ነበር። ምን እንደሚተው የሚያውቅ፣ ምን እንዳለ የሚያውቅ ነው።

በ1904 ፓሪስ ገባ። በ1907 በታዋቂው ፈረንሳዊ ቀራጺ በኦጉስት ሮዳን ስቱዲዮ ለአጭር ጊዜ ሠርቶ ወጣ። በዚያ ዘመን የትልልቅ ስቱዲዮዎች አሠራር እንዲህ ነበር። ጌታው በሸክላ አፈር ያበጃል። ሥራው ወደ ጄሶ ይገለበጣል። ከዚያ ረዳቶች በመለኪያ መሣሪያ ነጥብ በነጥብ እየወሰዱ ወደ እብነበረድ ያስተላልፉታል። ድንጋዩ የሚመጣው ሐሳቡ ካለቀ በኋላ ነው። ብራንኩሲ ይህን ገለበጠው፤ ቀጥታ ድንጋዩን መጥረብ ጀመረ።

ልብ በል፣ ከፎቶ ስትሠራ አንተም ያው የረዳቶቹ ቦታ ላይ ነህ። ይህ ነቀፋ አይደለም፤ እጅህን የገራልህ ይህ ሥራ ነው። ግን ፎቶው ሁሉንም ወስኖልሃል። ድንጋዩ ሐሳብ የሚሰጥበት ጊዜ የለውም።

ድንጋዩ ሐሳብ ሲሰጥ ምን እንደሚመስል «መሳሳም» ከሚባለው ሥራው ታያለህ። የመጀመሪያው በ1907 እና በ1908 መካከል የተጠረበ ነው። ቁመቱ 28 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወንድና ሴት ፊት ለፊት ተጣብቀዋል። ክንዶቻቸው አንዱ የሌላውን አንገት ጠምጥመዋል፤ ግን ከድንጋዩ ወደ ውጭ አይወጡም፣ ላዩ ላይ የተኙ ጠፍጣፋ ማሰሪያ ናቸው። ከጎን ስታይ የሁለቱ ዓይን ገጥሞ አንድ ዓይን ይመስላል። ጥርቡ ድንጋይ ጥርብነቱን አልተወም፤ አራቱ ጎኖቹ አሁንም አሉ። ብራንኩሲ የያዘው አንድ ነገር መጣበቅ ነው። አራት ማዕዘን ድንጋይ ደግሞ ከምንም በላይ የሚያውቀው መጣበቅን ነው። ሐሳቡና ድንጋዩ የተገናኙት እዚህ ላይ ነው።

የዚህ ሥራ ሌላ ስሪት በ1909 ተጠርቦ ዛሬ ፓሪስ ሞንፓርናስ መካነ መቃብር ውስጥ በአንዲት ወጣት መቃብር ላይ ቆሟል። አዎ፣ የመቃብር ድንጋይ ነው። ከዚያ በፊት በ1907 ደግሞ ሩማንያ ውስጥ ለአንድ ሟች መቃብር ታዝዞ ነበር። ያኔ ሁለት ነገር ሠራ፤ ሁለቱም ነሐስ ናቸው። አንዱ ሟቹን የሚመስል ፖርትሬት ነው። ሌላዋ ተንበርክካ የምትጸልይ ሴት ናት። ፖርትሬቱ ቤተሰቡ የሚፈልገውን መምሰል ጠበቀ። ጸሎተኛዋ ላይ ግን ጌጥም ዝርዝርም ተወገደ፤ የተንበረከከ አካል ብቻ ቀረ። አንድ ደንበኛ፣ አንድ መቃብር፣ ሁለት ዓይነት ሥራ። ሥራህን አታቁም ያልኩህ ለዚህ ነው። ከሚታዘዝልህ ፖርትሬት ጎን፣ ወይም ሥር፣ ወይም ጀርባ ለሁለተኛው ዓይነት ቦታ አለ። ደንበኛውን ጠይቅ። አንዳንዱ እሺ ይላል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ረቂቅ ነገር አይገባውም የሚባለውን አልቀበልም።

አሁን ወደ እንቁላሉ ልምጣ። ይህን ክፍል ቀስ ብለህ አንብብልኝ፤ የጥያቄህ እምብርት እዚህ ነው።

ብራንኩሲ በ1908 «እንቅልፍ» የሚባል የእብነበረድ ራስ ሠራ። ፊቱ ካልተጠረበ ድንጋይ ውስጥ ብቅ ይላል፤ ገና የሮዳን መልክ አለበት። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ «የተኛችው የጥበብ እንስት አምላክ» (ስሊፒንግ ሚውዝ) መጣች። አንገትም ትከሻም የለም። ራሷ ብቻ በጎኗ ተጋድማለች። ቅንድብና አፍንጫ አንድ መስመር ሆነዋል። ዓይኖቿ የተከደኑ ዝቅ ያሉ ጠርዞች ናቸው። ፀጉሯ ጥቂት ሞገድ ነው። በ1911 «ፕሮሚቴየስ» ላይ ዓይንና አፍ ከመታየት ወደ መጠርጠር ወረዱ፤ የቀረው የራሱ ማዘንበል ነው። በ1915 «አዲስ የተወለደው» ላይ እንቁላሉ በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ተቆረጠ፤ ያ ቁርጥ የሚያለቅስ ሕፃን አፍ ሆነ። በ1920 ገደማ «የዓለም መጀመሪያ» ደረሰ። ምንም ፊት የሌለው የእብነበረድ እንቁላል፣ በሚያንጸባርቅ የብረት ሰሃን ላይ የተጋደመ።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 12 ዓመት ገደማ ነው። ርዕሱ አንድ ነው፦ የተጋደመ ራስ። የመጨረሻው እንቁላል ባዶ የማይሆነው ለዚህ ነው። ብራንኩሲ ከእንቁላል አልጀመረም፤ እንቁላል ላይ ደረሰ። ቅርጹም በኮምፓስ የተሠራ እንቁላል አይደለም። አንዱ ጫፍ ይሞላል፣ ሌላው ይሳሳል፤ የተኛ ሰው ራስ ትራስ ላይ እንደሚያርፍ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ነው። ያንተ ለስላሳ እንቁላል ባዶ የሚሆነው ምናልባት ከሁሉም ወገን እኩል ስለሆነ ነው። የሰው አካል ውስጥ እኩል የሆነ ክብ የለም። አናቶሚው የሚያገለግልህ እዚህ ነው። የራስ ቅል ከኋላ ይሰፋል፣ ወደ አገጭ ይጠባል፣ ከጆሮ በላይ ትንሽ ይጠፈጠፋል። ዓይንና አፍንጫ ብትተው እንኳን ይህ እኩል አለመሆን ራስነቱን ይጠብቃል።

ብራንኩሲ በዚህ ላይ ብዙ ክስ ተሰምቶበታል። በ1926 አንዱ የነሐስ ወፉ አሜሪካ ሲገባ ጉምሩክ የሥነ ጥበብ ሥራ አይደለም ብሎ እንደ ብረት ዕቃ 40 በመቶ ቀረጥ ጠየቀበት። ፍርድ ቤቱ በ1928 ለሥራው ፈረደ። የጓደኞችህ ጥያቄ ከዚያ ይቀላል።

ከብራንኩሲ ወደ እንግሊዛዊው ቀራጺ ሄንሪ ሙር ልሻገር፤ እሱ ደግሞ ስለ ድንጋይ ባሕርይ ያስተምርሃል። ሙር በ1898 እንግሊዝ ካስልፎርድ ውስጥ ከድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ቤተሰብ ተወለደ። በሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ተማሪ ሳለ የሕዳሴ ዘመን የድንግል ራስን በመለኪያ መሣሪያ እንዲገለብጥ ታዘዘ። እሱ ግን በዓይኑ ብቻ ቀጥታ ጠረበው። ከዚያ መሣሪያው የሚተዋቸውን የሚመስሉ ትናንሽ ነጥቦች ላዩ ላይ ጨመረ፤ የታዘዘውን የፈጸመ እንዲመስል። ቅጂ ሲሠራም ድንጋዩን ለመሣሪያው አሳልፎ አልሰጠም። በሚቀጥለው የመቃብር ፖርትሬትህ ላይ ቢያንስ ከፎቶው የማይታየውን የራስ ጀርባ እንዲሁ ሥራው። ማንም አይከለክልህም።

በ1929 ሙር ሆርንተን ከሚባል የእንግሊዝ ድንጋይ የተጋደመች ሴት ሠራ፤ ዛሬ እንግሊዝ ሊድስ ከተማ ውስጥ ናት። ምንጩ ቻክሙል የሚባለው የሜክሲኮ የድንጋይ ምስል ነበር፤ ጀርባውን አጋድሞ ጉልበቱን አጥፎ ራሱን ወደ ጎን ያዞረ ሰው። ሙር ከዚያ የወሰደው አለባበሱን ወይም ፊቱን አይደለም። የወሰደው አቀማመጡንና ክብደቱን ነው። ራሱ ከአካሉ ጋር ትይዩ አይደለም፤ ይህ ብቻ ድንጋዩን ንቁ ያደርገዋል።

ድንጋይ ሲጫኑት ብዙ ይችላል። ሲያጎብጡት ወይም ሲጎትቱት ግን በቀላሉ ይሰበራል። ቀጭን የተዘረጋ ክንድ፣ ከአካል የራቀ ጣት፣ ረዥም ቀጭን አንገት ለነሐስ ነው። ስለዚህ በድንጋይ የሚሠራ ሰው እጅን ወደ ሰውነት ይሰበስባል፣ አንገትን ያወፍራል፣ እግርን ያገጣጥማል። ብዙ ጀማሪ ይህን እንደ ገደብ ያየዋል። እኔ ግን የረቂቅ የሰው ቅርጽ ግማሹ ከዚህ ነው የተወለደው ባይ ነኝ። ድንጋዩ «ክንዱን አልሸከምም» ሲልህ ክንዱ የአካሉ ማዕበል ይሆናል። ይህ ያንተ ስታይል መስሎ የሚታየው የድንጋዩ ፈቃድ ነው።

ዘመናዊ ቅርጾች ላይ የምታየው ቀዳዳም ከዚህ ይመጣል። እንግሊዛዊቷ ቀራጺ ባርባራ ሄፕዎርዝ በ1932 ገደማ አልባስተር ከሚባል ለስላሳ ድንጋይ የሠራችውን ቅርጽ ከፊት ወደ ኋላ በሳችው፤ ሥራው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠፍቷል። ሙርም ወዲያው በዚያው መንገድ ሄደ። በ1938 የሠራት የተጋደመች ሴት ዛሬ ለንደን ቴት ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ናት። ደረትና ሆድ በሚገናኙበት በኩል ድንጋዩ ተከፍቷል፣ ብርሃን ያልፋል። አንተ ግን በቀዳዳ አትጀምር። በዚህ ዘመን ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ሁሉ ዘመናዊ ይመስላል፤ ብዙው ግን ያለ ምክንያት የተበሳ ነው። መበሳት የሚገባው ከኋላ ያለው ቅርጽ ለፊቱ የሚናገረው ነገር ሲኖር ነው።

ከሄፕዎርዝ ልትወስድ የሚገባህ ሌላ ነገር ነው። በ1934 እናትና ልጅ ከአልባስተር ሠራች። ልጁ ከእናቱ የተለየ ትንሽ ድንጋይ ነው፤ እናቱ አካል ላይ ተቀምጧል። እናትነትን የሚያሳየው ፊት አይደለም፤ ትልቁ ድንጋይ ለትንሹ ቦታ መስጠቱ ነው። በዚያው ዓመት ሦስት መንታ ወለደች። በ1935 ደግሞ ሦስት የእብነበረድ ቅርጾች ያሉት ሥራ ሠራች፤ ምንም የሰው ምልክት የለውም፣ በመጠንና በርቀት ብቻ ይነጋገራሉ። እንደ ብራንኩሲ እሷም ከሰው ጀምራ ወደ ንጹሕ ቅርጽ አለፈች። አንተ ሰውን መተው አልፈልግም ስላልክ ከ1934ቱ ላይ ቁም፤ እዚያ ለረዥም ጊዜ የሚበቃ ሥራ አለ።

ወደ አህጉራችን ስንመጣ ዚምባብዌን እመክርሃለሁ። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዛሬዋ ሐራሬ ብሔራዊ ጋለሪ ዙሪያ፣ ከ1966 ጀምሮ ደግሞ በቴንጌኔንጌ መንደር ብዙ ቀራጮች ሰርፐንታይን በሚባለው ድንጋይ ሠሩ። ሄንሪ ሙንያራድዚ ፊትን በሁለት ክብ ዓይንና በጥቂት መስመር ይጨርሰው ነበር። በርናርድ ማቴሜራ ደግሞ ግዙፍ አካልና ሦስት ጣት ያላቸው ሰዎች ሠራ። ከእነሱ የምትማረው አንድ የእጅ ሥራ አለ፦ የድንጋዩን ቡናማ ሻካራ ቆዳ በከፊል እንዳለ መተውና ሌላውን አሙቆ በሰም አጥቁሮ ማስወልወል። ሻካራው ፀጉር ወይም ልብስ ይሆናል፣ ለስላሳው ፊት። ዝርዝር ሳይቀረጽ ሁለቱ ይለያያሉ።

የጓደኞችህ «መቼ ትጨርሳለህ» እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። ያላለቀ የሚመስለው ሻካራ ስለሆነ አይደለም። ሻካራውና ለስላሳው የሚገናኙበት ድንበር ግልጽ ስላልሆነ ነው። ድንበሩን በመሮ ስለታም አድርገው። ያኔ ሻካራው የተተወ ሳይሆን የተመረጠ ይመስላል።

አገራችንም ድሮ የተመለሰ ነገር አላት። ከአዲስ አበባ ደቡብ፣ ጢያ ላይ 36 ጥንታዊ ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ቅርጽ አላቸው፣ ብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል። ቦታው በ1980 የዓለም ቅርስ ሆነ። የመቃብር ድንጋዮች ናቸው። በጌዴኦ ቱቱ ፈላ ደግሞ የሰው ፊትና ደረት የተቀረጸባቸው የቆሙ ድንጋዮች አሉ። ሙሉ አካል የለም፤ የቆመ ድንጋይ ራሱ የቆመው ሰው ነው። ሂድና ቀኑን ሙሉ ተመልከት፣ ንድፍ አውጣ። ግን ሰይፉን ለጌጥ አትቅዳ። ቀጥ ያለ ድንጋይ ያለ እግር እንዴት እንደሚቆም፣ ትከሻ በምን ያህል ትንሽ ቁርጥ እንደሚታወቅ፣ እሱን ውሰድ።

አሁን ከየት ትጀምር? አንድ የምታውቀውን ሰው ምረጥ፤ ፎቶ አይደለም፣ ሰው። ስለ አካሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ። «እናቴ ስታዳምጥ አንገቷ ወደ ግራ ያዘነብላል» ይሁን። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ዓይንና አፍንጫ ከሌለ ድንጋዩ ላይም አይኑር።

ለመጀመሪያው 20 በ20 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ እብነበረድ በቂ ነው። 32 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ብቻህን ታዞረዋለህ። አራቱም ጎኖች ላይ የአካሉን ጥላ ብቻ በከሰል ሣል። ከዚያ አራቱንም አብረህ ጥረብ፤ አንዱን ጎን ጨርሰህ ወደ ሌላው አትሂድ። ፖርትሬት የለመደ እጅ ሁልጊዜ ወደ ፊት ለፊቱ ይሮጣል። ያን ልማድ የምትሰብረው በዚህ ነው። ግራይንደሩ ብዙ ለመጣል ይጠቅማል፤ የመጨረሻውን ገጽ ግን በመሮ፣ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ሥራው። ግራይንደር ሁሉንም ጠርዝ አንድ ዓይነት ያደርገዋል።

ድንጋዩን ከሐሳብህ ጋር አገናኘው። ነጭ እብነበረድ ትንሽ ዝቅታ እንኳን በጥላ ያሳያል፤ ለተኛ ፊት፣ ለለስላሳ ሽግግር ይሆናል። ጥቁር ድንጋይ ጥልቀት የሌለውን ዝርዝር ይውጠዋል፤ እሱ የሚናገረው በዳር መስመሩና በሚያብረቀርቀው ቦታ ነው። የአምቦ ድንጋይ ጠርዙ ቶሎ ይረግፋል፤ ወፍራምና የተሰበሰበ አካል ይወዳል። በጥቁር ድንጋይ ላይ የእብነበረድ ሐሳብ ከሞከርክ ነው እንቁላል የሚሆንብህ።

አንዱ ሲያልቅ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በሁለተኛ ድንጋይ ሥራ፣ ግን ባነሱ ገጾች። ከዚያ ሦስተኛ። ርዕስ አትቀይር። ብዙ ሰው ከአንዱ ሐሳብ ወደ ሌላው እየዘለለ አብስትራክት አልሆነልኝም ይላል። ሥራህን ለሰው አሳይተህ ስትፈትን «ይሄ ምንድን ነው?» ብለህ አትጠይቅ፤ ያ ጥያቄ ፖርትሬት ይፈልጋል። «የሚከብደው በየት በኩል ነው? ወዴት ያዘነብላል?» በል። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ በእጁ ዳስሶ ከመለሰልህ ይዘኸዋል። ማታ ደግሞ መብራቱን ከጎን አድርገህ ራስህ እየው፤ ገጾቹ የት እንደተምታቱ ጥላው ያሳይሃል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የድንጋይ አቧራ ይገድላል። የአምቦ ድንጋይና ግራናይት ሲሊካ ይበዛባቸዋል፤ በሳንባ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም። ጣሊያናዊው ሠዓሊ አሜዴዮ ሞዲሊያኒ ከብራንኩሲ ጋር ከተዋወቀ በኋላ ድንቅ የኖራ ድንጋይ ራሶች ጠርቦ ነበር፤ ሳንባው ግን ደካማ ነበርና ወደ ቀለም ተመለሰ። ድንጋዩን እያረጠብክ ቁረጥ። ኤን 95 ማስክ አድርግ፣ በጨርቅ አትሸፈን። የሥራ ልብስህን ቤት አትግባበት።

ሦስተኛውን ድንጋይ ስትጨርስ የሦስቱንም ፎቶ ከአራት ጎን አንስተህ፣ የጻፍከውን ዓረፍተ ነገር ከሥራቸው አድርገህ ላክልኝ። ድንበሮቹንና የኋላውን ጎን መጀመሪያ አያለሁ።